የዲጂታል ንግድ ስምምነቶች ሲነጻጸሩ፦ ለኢትዮጵያ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ2003 ነው (የአዋጅ ቁጥሮች ላይ ካሉት በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነትን ደግሞ በ2019 አጽድቃለች። ስለ ሁለቱ ሲወራ በአብዛኛው የሚነሳው ቡናው፣ ቆዳው፣ ባንኩና ቴሌኮሙ ነው። ሶፍትዌር፣ ዳታ፣ የኦንላይን አገልግሎትና ዲጂታል ክፍያ ብዙም አይወራላቸውም። ነገር ግን ለእነሱም ሕግ እየተጻፈ ነው። የሚጽፉት ደግሞ ቀድመው ድርድሩ ላይ የተቀመጡት ናቸው።

ይህን ያዘጋጀሁት ሁለት ዓይነት አንባቢ አስቤ ነው። አንዱ ድርድሩ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ነው። ሌላው ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር ወይም ከሐዋሳ ሆኖ ለውጭ ደንበኛ አፕ የሚሠራ፣ ዲዛይን የሚሸጥ ወይም ሒሳብ የሚይዝ ሰው ነው። ለእሱ የሚሆነው ክፍል መጨረሻ ላይ አለ። ጊዜ ከሌለው በቀጥታ ወደዚያ ይሂድ።

ስምምነቶቹን የማነጻጽረው በአንድ ዋና ጥያቄ ነው፦ ተሳስተን ብንገኝ መመለስ እንችላለን ወይ? የኤሌክትሮኒክ ፊርማን መቀበል ማንንም አያስርም። «ዳታ ያለ ገደብ ከአገር ይውጣ» ብሎ መፈረም ግን ሌላ ነው። ከተፈረመ በኋላ ለማጥበብ የሌላውን ወገን ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ የማያስረውን ቶሎ፣ የሚያስረውን ቀስ ብለን እንፈርም ባይ ነኝ።

ጭቅጭቁ ምን ላይ ነው?

በእነዚህ ድርድሮች ሁሉ ተደጋግመው የሚነሱ አራት ነጥቦች አሉ። ቀረጥ፣ ዳታ፣ የሶፍትዌር ምንጭ ኮድ (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ) እና የክርክር ዳኝነት። ቀረጡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚያምታታው እዚያ ነውና።

በ1998 የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው በኤሌክትሮኒክ መንገድ በሚተላለፍ ነገር ላይ የጉምሩክ ቀረጥ ላለመጣል ተስማሙ። ጊዜያዊ ነው ተብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በየሚኒስትሮች ጉባኤው ሲታደስ ኖረ። በ2024 አቡዳቢ ላይ የታደሰው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። ያውም እስከ ቀጣዩ ጉባኤ ወይም እስከ ማርች 31 ቀን 2026፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚመጣው ድረስ ብቻ። ህንድ፣ ደቡብ አፍሪካና ኢንዶኔዥያ ለዓመታት ሲሞግቱት ቆይተዋል። ኢንዶኔዥያ እንዲያውም በ2018 የቀረጥ መጽሐፏ ውስጥ ለሶፍትዌርና ለሌሎች ዲጂታል ምርቶች አዲስ መደብ ከፈተች። ተመኑን ዜሮ አደረገችው። ዛሬ አላስከፍልም፣ የማስከፈል መብቱ ግን የኔ ነው ማለቷ ነው።

የተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ ለመረዳት አይከብድም። ድሮ ሲዲው፣ መጽሐፉና የፊልም ካሴቱ ድንበር ላይ ቀረጥ ይከፈልበት ነበር። አሁን ሁሉም በኢንተርኔት ይገባል። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ተቋም፣ አንክታድ፣ በ2019 ባወጣው ጥናት ታዳጊ አገሮች በዚህ ምክንያት በዓመት 10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊያጡ እንደሚችሉ ገምቷል። በአብዛኛው የሀብታም አገሮች ማኅበር የሆነው ኦኢሲዲ ደግሞ በተቃራኒው የሚጠፋው ገቢ ትንሽ ነው ይላል። ቀረጡ ቢጣል የሚጎዳው የአገር ውስጥ ሸማችና ትንሹ ነጋዴ ነው ባይ ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ምክንያቴ ግን የኦኢሲዲ ስሌት አይደለም። ቀረጡን ለመሰብሰብ በኢንተርኔት የሚያልፈውን ነገር ማን ከየት ላከው ብሎ መለየት ያስፈልጋል። ያን የሚያደርግ መሣሪያ ስንዘረጋ ከገቢው ይልቅ ወጪውና ቁጥጥሩ ይበልጣል ብዬ እሰጋለሁ።

አሁን ወደሚያምታታው ነገር እንምጣ። የተከለከለው የጉምሩክ ቀረጥ ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ አልተከለከለም። ኢትዮጵያ ከውጭ በሚገባ የዲጂታል አገልግሎት ላይ 15 በመቶውን ቫት ብታስከፍል የ1998ቱን ቃል አልጣሰችም። ለአገር ውስጥም ለውጭም ሻጭ እኩል እስከሆነ ድረስ ማለት ነው። ዲጂታል ኩባንያዎች ከሚያገኙት ገቢ ላይ የሚነሳው፣ የዲጂታል አገልግሎት ግብር የሚባለውም ከቀረጥ የተለየ ነው። ኬንያ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ 1.5 በመቶ ስታስከፍል ነበር፤ በኋላ በሌላ ዓይነት ግብር ተካችው። እዚህ ላይ ግን ሕጉ አይከለክልም ማለት ጉልበት ያለው አገር አይከለክልም ማለት አይደለም። ካናዳ በጁን 2025 የራሷን የዲጂታል አገልግሎት ግብር ያነሳችው አሜሪካ ያቋረጠችው የንግድ ድርድር እንዲቀጥል ብላ ነው። ካናዳ እንዲህ ከሆነች ትንሹ አገር ምን ያህል መቋቋም እንደሚችል መገመት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ዳታ ነው። አንድ መንግሥት «የዜጎቼ ዳታ አገር ውስጥ ባለ ሰርቨር ይቀመጥ» ማለት ይችላል? አንዳንዱ ስምምነት አይችልም ይላል። አንዳንዱ በቂ ምክንያት ካለ ይችላል ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ምክንያቱን ራሱ መንግሥቱ ይወስን ብሎ ይተወዋል።

የምንጭ ኮዱ ነገር ቴክኒካዊ ይመስላል እንጂ የሕዝብ ጉዳይ ነው። በሞባይል ብድር የሚሰጥ አንድ አፕ አለ እንበል። ለአንዱ ብድር ይፈቅዳል፣ ለሌላው ይከለክላል። ብሔራዊ ባንክ አድልዎ አለ ወይ ብሎ ማጣራት ቢፈልግ ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚወስን ማየት አለበት። አገሪቱ «ኮድ አሳዩ ብዬ አልጠይቅም» ብላ ከፈረመች መርማሪው እጁ ይታሰራል። ስለዚህ ኮድን የሚመለከት አንቀጽ ስታዩ በመጀመሪያ የምትፈልጉት የተፈቀዱትን ልዩ ሁኔታዎች ይሁን።

የክርክር ዳኝነቱ አጭር ነው። ቃሉን ያፈረሰ ይከሰሳል ወይስ አይከሰስም? የማይከሰስበት ስምምነት ደካማ ነው ይባላል። ለጀማሪ አገር ግን ያ ድክመት የመማሪያ ጊዜ ሊሆን ይችላል።

የዓለም ንግድ ድርጅት የኢ-ኮሜርስ ስምምነት

ይህ ድርድር በ2017 ቦነስ አይረስ ላይ በ71 አባላት መግለጫ ተጀመረ። በ2019 ዳቮስ ላይ ወደ ድርድር ገባ። በጁላይ 2024 ረቂቁ ተጠናቅቆ ይፋ ሆነ። አስተባባሪዎቹ አውስትራሊያ፣ ጃፓንና ሲንጋፖር ናቸው። ከአፍሪካ ናይጄሪያና ኬንያ ድርድሩ ውስጥ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ውጭ ቀረች።

ሰነዱን ስታዩት ከባዱ ነገር ተነቅሎ ወጥቷል። ስለ ዳታ ነጻ ዝውውር የለም። ስለ ምንጭ ኮድ የለም። የቀረው የኤሌክትሮኒክ ፊርማና ውል፣ ወረቀት አልባ ንግድ፣ የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ፣ የሸማች ጥበቃ፣ ያልተፈለገ መልእክትን መከላከልና የመሳሰለው ነው። ቀረጥ ያለመጣሉ ቃልም አለበት፤ ከአምስት ዓመት በኋላ እንደገና የሚታይ ሆኖ። ለታዳጊ አገሮች እስከ ሰባት ዓመት ሊደርስ የሚችል የዝግጅት ጊዜ ይሰጣል።

ለምን ከባዱ ወጣ? ታሪኩ ትምህርት አለው። ዳታ በነጻ ይዘዋወር፣ ኮድ አይጠየቅ የሚለውን ሐሳብ ለዓመታት ስትገፋ የኖረችው አሜሪካ ናት። በኦክቶበር 2023 ግን ራሷ ድጋፏን አነሳች። የንግድ ተወካይዋ ካትሪን ታይ መሥሪያ ቤት ያኔ ያቀረበው ምክንያት አገር ውስጥ ትልልቆቹን የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ለመቆጣጠር ቦታ ያስፈልገናል የሚል ነበር። ሐሳቡን ያመጣው አገር እንኳ ቆም ብሎ ካሰበበት እኛ የምንቸኩልበት ምክንያት አይታየኝም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ይህ ሰነድ የድርጅቱ ሕግ አካል እንዲሆን የሁሉም አባላት ስምምነት ያስፈልጋል። ተሳታፊ ያልሆኑትም ጭምር። ህንድና ደቡብ አፍሪካ ደግሞ አሠራሩን በመርህ ይቃወሙታል። ከፊል አባላት ብቻ የሚስማሙበትን ሕግ በድርጅቱ ስም ማስገባት ለሌላ ጊዜ በር ይከፍታል ይላሉ። የኢትዮጵያ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይለያል። መጀመሪያ አባል መሆን አለባት። አዲስ የሚገባ አገር ነባሮቹ ያልገቡትን ግዴታ ጭምር ሊጠየቅ እንደሚችል ከዚህ በፊት የገቡት አገሮች ታሪክ ያሳያል። ይህን ለማለዘብ በጣም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የአባልነት ድርድር በ2002 የወጣና በ2012 የተጠናከረ መመሪያ አለ። ተደራዳሪዎቻችን እሱን ሳይለቁ ቢይዙት ደስ ይለኛል።

ሚዛኔ ላይ ሳስቀምጠው ይህ ስምምነት አነስተኛ አደጋ፣ መካከለኛ ጥቅም ያለው ነው። ቢገባበት አይጎዳም። በሩ መቼ እንደሚከፈት ግን በኛ እጅ አይደለም።

የአፍሪካ የዲጂታል ንግድ ፕሮቶኮል

እዚህ ጋ ረዘም አድርጌ ብቆይ አይፈረድብኝም። ለኢትዮጵያ ዋናው መድረክ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

የነጻ ንግድ ቀጣናው ስምምነት ኪጋሊ ላይ በማርች 2018 ተፈረመ። በሜይ 2019 ሥራ ላይ ዋለ። ጽሕፈት ቤቱ አክራ ነው። የዲጂታል ንግድ ፕሮቶኮሉን ግን የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ያጸደቁት እዚሁ አዲስ አበባ በፌብሩዋሪ 2024 ነው። በዓመቱ ስምንት አባሪዎች ጸደቁለት። ስለ ዲጂታል ምርቶች የመነሻ አገር ሕግ፣ ስለ ዲጂታል መታወቂያ፣ ድንበር ስለሚሻገር ክፍያ፣ ስለ ዳታ ዝውውር፣ የምንጭ ኮድ ስለሚጠየቅበት ሁኔታ፣ ስለ ኦንላይን ደኅንነት፣ ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች እና ስለ ፊንቴክ (የገንዘብ አገልግሎት ቴክኖሎጂ)።

ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር ሚዛኑ ነው። ዳታ ይዘዋወር ይላል፤ ግን ለሕዝብ ጥቅምና ለደኅንነት ሲባል የሚገደብበትን ሁኔታ ያስቀምጣል። ሰርቨሩን አገሬ ላይ ትከል ማለትን ይከለክላል፤ ግን ልዩ ሁኔታ አለው። ኮድን ይጠብቃል፤ ግን መቼ ሊጠየቅ እንደሚችል ራሱን የቻለ አባሪ አለው። ከላይ ያነሳሁት የብድር አፕ ምሳሌ እዚህ መልስ ያገኛል።

ከሁሉም የሚገርመኝ የመነሻ አገር ጉዳይ ነው። ከቀረጥ ነጻ የሚሆነው ከአባል አገር የመነጨ ዲጂታል ምርት ነው። እሺ፣ አፍሪካዊ ዲጂታል ምርት የትኛው ነው? አዲስ አበባ የተጻፈ፣ ኬፕታውን ባለ የአማዞን ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር) ላይ የተቀመጠ፣ ባለቤቱ በአሜሪካዋ ደላዌር ግዛት የተመዘገበ ኩባንያ የሆነ አፕ የማን ነው? ብዙዎቹ የአፍሪካ ስታርታፖች ገንዘብ ለማግኘት ሲሉ አሜሪካ ይመዘገባሉ። መስፈርቱ ባለቤትነት ላይ ካጠበቀ የራሳችንን ልጆች ያስወጣል። ከላላ ደግሞ ትልልቆቹ የውጭ ኩባንያዎች በአንድ ቢሮ ብቻ አፍሪካዊ ይሆናሉ። የአገራችን የሶፍትዌር ባለሙያዎች ድምፃቸውን ማሰማት ያለባቸው በዚህ ጉዳይ ላይ ነው። ለሕግ ባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም።

ድክመቱንም ልናገር። ፕሮቶኮሉ ሥራ ላይ የሚውለው 22 አገሮች ሲያጸድቁት ነው። የአፍሪካ ኅብረት የሳይበርና የግል ዳታ ጥበቃ ስምምነት፣ ማላቦ የሚባለው፣ በ2014 ጸድቆ ሥራ ላይ የዋለው በጁን 2023 ነው። አሥራ አምስት አገር ለማግኘት ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። ይሄኛውም እንዲህ ከተጎተተ ቴክኖሎጂው ቀድሞት ይሄዳል። በዚያ ላይ ወረቀቱ ብቻውን ገንዘብ አያሻግርም። የአፍሪካ የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ፣ አፍሬክሲምባንክ፣ በጃንዋሪ 2022 አክራ ላይ ያስጀመረው የአህጉሩ የክፍያ መረብ፣ ፓፕስ፣ የታሰበው በየአገሩ ገንዘብ እንድንገበያይ ነው። ብር ከፍለህ ሺሊንግ የሚደርስበት መንገድ በሰፊው ካልተዘረጋ የዳታው አንቀጽ ቢያምርም ነጋዴው ዶላር ፍለጋ መንከራተቱ አይቀርም።

ዴፓ፦ የሲንጋፖር፣ የቺሊና የኒውዚላንድ ስምምነት

ሦስቱ ትንንሽ አገሮች በጁን 2020 ኮሮና ባለበት ወቅት በቪዲዮ ተገናኝተው ፈረሙት። ከዕቃ ንግድ ጋር ሳይያያዝ ለዲጂታል ብቻ የተጻፈ ስምምነት ነው። ሞጁል በሚባሉ ራሳቸውን የቻሉ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ደቡብ ኮሪያ በ2024 ተቀላቀለች። ቻይና በ2021 ማመልከቻ አስገብታለች። ካናዳም ጠይቃለች።

ሞጁል ነው ሲባል ብዙዎች የወደድከውን መርጠህ ትፈርማለህ ማለት ይመስላቸዋል። አይደለም። አባል የሚሆን አገር ሙሉውን ይቀበላል። የሞጁሉ ጥቅም ለሌላው ነው። አንድ አገር አባል ሳይሆን የኤሌክትሮኒክ ደረሰኙን ሞጁል ወስዶ ከጎረቤቱ ጋር በሚያደርገው ስምምነት ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። ዲጂታል መታወቂያን፣ ፊንቴክንና ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚመለከቱት ክፍሎች በአብዛኛው እንተባበር፣ እንመካከር የሚሉ ናቸው። ስለ ዳታ ዝውውርና ስለ ሰርቨር ቦታ ያሉት አንቀጾች ደግሞ በስምምነቱ የዳኝነት ሥርዓት አይከሰስባቸውም።

ለኢትዮጵያ ዴፓ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ፋይዳ መታወቂያን ከኬንያና ከጂቡቲ ሥርዓት ጋር ለማናበብ የሚያስብ ሰው የዴፓን የዲጂታል መታወቂያ ሞጁል ቢያነብ ብዙ ያተርፋል። ለመቅዳት ፈቃድ አይጠየቅበትም። ለአባልነት ግን አሁን ጉልበት ማባከን አያስፈልግም።

ሲፒቲፒፒ፣ የሰሜን አሜሪካው ስምምነትና አርሴፕ

እነዚህን በፍጥነት ልለፍ፤ ለኛ በቅርብ የሚከፈቱ በሮች አይደሉምና። የማነሳቸው አንቀጾቻቸው በየድርድሩ እየተቀዱ ስለሚመጡ ነው።

ሲፒቲፒፒ በዲሴምበር 2018 ሥራ ላይ የዋለ የፓስፊክ አገሮች ስምምነት ነው። እንግሊዝም በዲሴምበር 2024 ገብታለች። ምዕራፍ 14 ዳታ ይለቀቅ፣ ሰርቨር አይገደድ፣ ኮድ አይጠየቅ ይላል፤ ለሕዝብ ጥቅም የሚሆን ልዩ ሁኔታ ትቶ። ከጁላይ 2020 ጀምሮ የሚሠራው የአሜሪካ፣ የሜክሲኮና የካናዳ ስምምነት ደግሞ ይበልጥ ጠበቅ አድርጎ ሰርቨርን በሚመለከተው አንቀጽ ላይ ያንን ልዩ ሁኔታ አወጣው። ኮድ ላይም አልጎሪዝምን ጨመረ። አርሴፕ፣ ቻይና ያለችበት የ15 የእስያና ፓስፊክ አገሮች ስምምነት፣ ተቃራኒው ጫፍ ነው። ለደኅንነቴ ያስፈልገኛል ያለ አገር ዳታውን ይገድባል፣ ሌላው ሊከራከረው አይችልም። የኢ-ኮሜርስ ምዕራፉም በዳኝነት አይታይም።

የሰሜን አሜሪካውን ዓይነት አንቀጽ የያዘ ረቂቅ ከመጣልን ያለ ልዩ ሁኔታ አንፈርም እላለሁ። የአርሴፑንም ዓይን ጨፍኖ መውሰድ አይገባም። መንግሥት ብቻውን ምክንያቱን የሚወስንበት ሥርዓት ለገንቢው ዋስትና አይሰጥም። ነገ ጠዋት ሰርቨርህን አምጣ ሊባል ይችላል።

የአውሮፓ መንገድ

አውሮፓ ከሌሎቹ በተለየ ስምምነት ሳትጠይቅ ሕጓን ታሻግራለች። የግል ዳታ ጥበቃ ሕጓ፣ ጂዲፒአር፣ ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ ይሠራል። አውሮፓ ላለ ሰው አገልግሎት የሚሸጥ ማንኛውም ድርጅት የትም ይቀመጥ የት ሊነካው ይችላል። ቅጣቱ እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓለም አቀፍ ሽያጩ 4 በመቶ ይደርሳል፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በ2023 የ1.2 ቢሊዮን ዩሮ ቅጣት የተጣለበት ዳታ ወደ አሜሪካ በማሻገሩ ነው።

ዳታ ከአውሮፓ እንዲወጣ ዋናው ሰፊ በር ስለ ተቀባዩ አገር «በቂ ጥበቃ አለ» የሚለው የብራስልስ፣ ማለትም የአውሮፓ ኮሚሽን፣ ውሳኔ ነው። ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ኒውዚላንድ፣ ኡራጓይና እስራኤል አግኝተውታል። ኬንያ በ2024 ንግግር ጀምራለች። ይህ ውሳኔ ዘላለማዊ አይደለም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት ከአሜሪካ ጋር የተደረገውን ዝግጅት በ2015 ሻረው። ተተኪውንም በ2020 ሻረው። አሁን ያለው ከጁላይ 2023 ወዲህ የመጣው ሦስተኛው ነው።

ኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ያለ እሱ ንግግሩም አይጀመርም። ብራስልስ የሚያየው ግን የሕጉን ጽሑፍ ብቻ አይደለም። ተቆጣጣሪው ከመንግሥት ምን ያህል ነጻ ነው? የደኅንነት ተቋማት ዳታ ሲጠይቁ ማን ይዳኛቸዋል? አንድ ዜጋ ተበድያለሁ ብሎ ቢከስ መፍትሔ ያገኛል? እነዚህን መመለስ ለአውሮፓ ገበያ ብለን ብቻ የምናደርገው መሆን የለበትም። የኛው ሰው ስልክ ቁጥርና የሕክምና መዝገብ ነው የሚጠበቀው።

ታዲያ ቅደም ተከተሉ?

እኔ ብጠየቅ የአፍሪካውን ፕሮቶኮል ቶሎ እናጽድቅ እላለሁ። የመነሻ አገሩ ሕግ ሲተረጎም ውስጥ ሆነን እንከራከር። ጎን ለጎን የ1321/2016ን ተቆጣጣሪ በሰውም በበጀትም እናጠናክር። የዓለም ንግድ ድርጅቱን ሰነድ ቀላል አንቀጾች ደግሞ አባልነቱን ሳንጠብቅ አገር ውስጥ መሥራት እንችላለን። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥተዋል። የቀረው መሥሪያ ቤቶች ማኅተምና ወረቀት መጠየቃቸውን እንዲተዉ ማድረግ ነው። ያ የማንም ፊርማ አያስፈልገውም።

ገበያችን በአብዛኛው አውሮፓ ነው የሚል ሰው ግን ቅደም ተከተሉን ቢገለብጠው አልቃወምም። ለእሱ የብራስልስ ውሳኔ ከአህጉሩ ፕሮቶኮል ይቀድማል።

ራሳችሁ ሻጭ ከሆናችሁ

መንግሥታት እስኪስማሙ አትጠብቁም። ደንበኛችሁ ያለበት አገር የትኛውን ሕግ ማክበር እንዳለባችሁ ይወስናል።

ደንበኛችሁ አውሮፓ ውስጥ ያለ ድርጅት ከሆነ ዳታ ለማሻገር በብራስልስ በ2021 የወጡትን መደበኛ የውል አንቀጾች አስፈርሟችሁ ይሆናል። ሳታነቡ አትፈርሙ። ዳታ ቢሾልክ ሳትዘገዩ ለደንበኛው ታሳውቃላችሁ። እሱ ለተቆጣጣሪው በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት፤ ስለዚህ ከናንተ የሚፈልገው በሰዓታት ውስጥ ነው። የምትጠቀሙበት ክላውድ የት አገር እንዳለ መልስ ይኑራችሁ።

ኬንያ ከሆነ የ2019ኙ የዳታ ጥበቃ ሕግ አለ፤ ከዳታ ኮሚሽነሩ ቢሮ መመዝገብ ያስፈልግ እንደሆነ ደንበኛችሁን ጠይቁ። ባሕረ ሰላጤው ላይ ላሉ ወገኖቻችን አፕ የምትሠሩ ከሆነ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የ2021 ሕግ አለ። ሳውዲ ደግሞ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ሕጓን ሙሉ በሙሉ ታስፈጽማለች። አሜሪካ ለሁሉም የሚሆን አንድ የፌዴራል የዳታ ሕግ የላትም። ካሊፎርኒያ ግን ከ2020 ጀምሮ የራሷ አላት። እዚያ ከሕጉ በላይ የሚያስጨንቃችሁ ውሉ ነው።

ውል ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ዘሎት የሚያልፈው አንድ አንቀጽ አለ፤ ክርክር የት ይታያል የሚለው። ደንበኛው በራሱ አገር ፍርድ ቤት ብሎ ይልክላችኋል። ለ2,000 ዶላር ሥራ ሳን ፍራንሲስኮ ጠበቃ አታቆሙም። በግልግል ዳኝነት ይታይ፣ በኦንላይን ይካሄድ ብላችሁ ጠይቁ። ኢትዮጵያ በ2020 የኒውዮርክ ስምምነት የሚባለውን የግልግል ውሳኔዎች ስምምነት ተቀላቅላለች። ስለዚህ በግልግል የተገኘ ውሳኔ ከውጭ ፍርድ ቤት ፍርድ ይልቅ በሁለቱም አገር ለማስፈጸም ይቀላል። ደንበኛው እንቢ ካለ ቢያንስ ክፍያውን በየደረጃው እንዲከፍል፣ የመጀመሪያውንም ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንዲልክ ውሉ ውስጥ አስገቡ።